አንድ የጎደለው

ቫል ዴ ሶብሬይራ፣ የቡሽ ዛፍ አገር፣
ቅርፊት በዘጠኝ ዓመት አንዴ የሚገፈፍባት መንደር።
በተገፈፈው ግንድ ላይ ዓመቱ በነጭ ይጻፋል፤
ቀጣዩ ገፋፊ ሳይቸኩል ያነባል።
እኛም ገላችን ላይ የተጻፈ ቁጥር አለን፦ ሰባ አምስት፤
አባቶቻችን የጌታውን አጥር ያፈረሱበት፣
በትራክተሩ አፍንጫ ቀይ ጨርቅ ያሰሩበት።
መሬቱ ኋላ በፍርድ ቤት ለጌታው ልጅ ተመለሰ፤
ጨርቁ ግን ከልባችን አልተፈታ፣ አልተበጠሰ።
ምርጫ በመጣ ቁጥር ማንም አይጠይቅ፣ አይጠየቅም፤
እጃችን መንገዱን ያውቃል፣
ወደ ጋጣዋ እንደምትመለስ በቅሎ፣ መሪ አያስፈልገውም።

እኔ የምርጫ ጸሐፊ ነኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት
እርሳስ ቀርጬ ቆጥሬአለሁ በዚያው ትምህርት ቤት፣
በልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ፤
የምቆጥረው ላውቅ አልነበረም ለካ፦
ሁለት መቶ አስራ ሦስት ለቀዩ።
ለሰማያዊው፣ አንድ።

ያቺ አንድ!
ጥርስ መሀል እንደገባች ሥጋ።
መድኃኒት ሻጩን አዴሊኖን ጠረጠርነው፣
ክራቫት ስለሚያስር፣ ጋዜጣ ከኋላ ጀምሮ ስለሚያነብ፤
ሁለት ክረምት ሙሉ ሳላችንን በማር አከምን
ከደጁ ላለመድረስ።
ቄሱን ጠረጠርን። ቄሱ ሞቱ፤ አንዷ አልሞተችም።
ፀጉር አስተካካዩ ቤልሚሮ ምላጩን እየሳለ
"እኔ ሰውን ከማጅራቱ አውቀዋለሁ" አለ።
አላወቀም።

ዙልሚራ ወለሉን ትወለውላለች፤
ኮሮጆውን ከቁም ሳጥን አውጥታ አቧራውን ትጠርጋለች፤
ከሰው ጋር ካወጋች ስንት ዓመቷ!
"ድምፅ የላትም" ይሏታል ልጆቹ ሲያልፉ በደጇ።

ከዚያ ልጆቹም አለቁ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤
የሚከፈተው ለምርጫ ብቻ ነው።
ሐኪሙ በወር አንዴ፣ አውቶቡሱ ሐሙስ፣
ወጣቱ ስዊዘርላንድ፣ የሰው ሳህን ሊያጥብ።
የጌታው የልጅ ልጅ ማሳውን ለኩባንያ ሸጠ፤
ወይራው በሽቦ ላይ እንደ እስረኛ ተሰለፈ፤
ለቃሚዎቹ የኔፓል ልጆች፣ በአንድ ቤት አስራ ስድስት፣
ማታ ማታ ምንጩ ዳር ስልካቸውን ወደ እናታቸው ያዞራሉ።
ሰላም ይሉናል። ጥቂቶቻችን እንመልሳለን።
በዚህ መሀል በቴሌቪዥን አንድ ጯሂ ሰው መጣ፤
"ተሰርቃችኋል!" አለን።
እውነቱን ነው። ሌባውን ሲጠቁም ግን ጣቱ
ወደ ምንጩ ዞረ።

ባለፈው መጋቢት፣ ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት፣
አምፖሉ እየጨፈለቀ፦
ዘጠና አራት ለአዲሱ። የተበላሸ የለም።
ለቀዩ፣ አንድ።

"ማነው እሱ?" አለ ቤልሚሮ፣
ያን ቀይ ጨርቅ በገዛ እጁ ያላሰረ ይመስል።
ሁሉም ወጡ። ዙልሚራና እኔ ቀረን፣ ባልዲውም።
"አንቺ ነሽ" አልኳት፤ "ያኔም አንቺ፣ አሁንም አንቺ።"
መወልወያውን እስኪንጠፈጠፍ ጠመዘዘችው።
"በሽማግሌው ዘመን" አለች፣ "ከመቁጠራችን በፊት
ውጤቱ ከሊዝበን ይመጣ ነበር፦ መቶ ከመቶ።
አባቴ ያን ቀን እስር ቤት ነበር። እሱንም ቆጥረውታል።
ሲፈታ 'ልጄ፣ መቶ ከመቶ የሚስማማው
መካነ መቃብር ብቻ ነው' አለኝ።"
"አንቺስ? ከልብሽ ማንን ትወጃለሽ?"
ሳቀች። ጥርስ እንዳላት ያን ጊዜ አየሁ።
"ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አለ?" ብላ
ባልዲዋን አንስታ ወጣች።

በየካቲት ቀበርናት።
ስሟን ከመዝገቡ በማስመሪያ ሰረዝኩት፣ ቀጥ አድርጌ፤
ሠላሳ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የምሰርዘው።
ዛሬ እሑድ ነው። በሩ ተከፍቷል፤ ወለሉን የወለወለ የለም።
ከመጋረጃው ጀርባ እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሯል፤
ውጭ አዴሊኖ ይስላል፣ ተራውን እየጠበቀ።
እጄ መንገዱን ያውቃል።
ልጓሙን ሳብ አድርጌ ቆሜአለሁ።